የፎቶው ሸሚዝ ምን ቀለም ነበር? (የኬዳይኒያይ አይሁድ ልጆች፣ ከጦርነቱ በፊት)

የአሽዶዷ

ሰላም ቤቶች! ታሪክ የምታገላብጡ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ እስራኤል ውስጥ አረጋውያን እየጦርኩ ነው እንጀራዬን የማገኘው። 4 ዓመት አብሬያቸው የቆየሁ አንዲት እናት ነበሩ። ሳፍታ ነበር የምላቸው፣ እዚህ አያት ማለት ነው። ትውልዳቸው ሊትዌኒያ፣ ኬዳይኒያይ የምትባል ከተማ ነው። እሳቸው ግን በይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ ነው) "ኬይዳን" ነው የሚሏት። በሌላው ስም ከጠራኋት እንዳልሰማ ሰው ዝም ይሉኛል። አምና አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ልጃቸው የአንድ ፎቶ ኮፒ ሰጠችኝ።

ፎቶው ላይ 11 ልጆች አሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ትልቁ 18 ቢሆነው ነው። የእንጨት ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ሁሉም ባለ ሁለት ኪስ ሸሚዝ ለብሰው አንገታቸው ላይ ክራቫት አስረዋል። አንዱ ባንዲራ ይዟል፣ ግን ነፋስ ስላልነበረ ጨርቁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ከግራ ሁለተኛዋ የሳፍታ ታላቅ እህት ናት። ሸሚዙ ሰፍቷታል። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋው እንኳ መዳፏ ላይ ደርሷል። ፊቷ ግን የጄኔራል ፊት ነው።

ከጀርባው በዕብራይስጥ "ቴል ሃይ" ይላል፣ ከሥሩ 1934 (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሳፍታን ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጭፈው "የልጆች ነገር" ብለው አለፉት። አንድ ነገር ብቻ ነው የነገሩኝ፦ "ወንድሜ እዚህ ውስጥ የለም። ቢለምኑትም አይቆምም ነበር።"

እነዚህ ልጆች ምንድን ናቸው? ወታደር? ስካውት? ወንድምየውስ ለምንድን ነው የማይቆመው?

ዶሴ_አገላባጭ

ጥያቄሽ ደስ ይላል፣ መልሱም ጀርባው ላይ ተጽፎልሻል። "ቴል ሃይ" ቤታር የሚባለው የጽዮናውያን የወጣቶች ድርጅት ሰላምታ ነው። እኛ "ጤና ይስጥልኝ" እንደምንለው እነሱ ሲገናኙ "ቴል ሃይ!" ይባባላሉ። ቴል ሃይ ሰሜን ገሊላ ያለ ሰፈር ነው። ዮሴፍ ትሩምፔልዶር የሚባል አንድ እጁን በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ያጣ ሰው 1920 ላይ እዚያ ሲዋጋ ሞተ። ቤታር የሚለው ስምም ከሱ ስም ጋር ይያያዛል። ድርጅቱ የተመሠረተው 1923 ሪጋ ነው፣ ማለትም ለሊትዌኒያ ጎረቤት አገር። መሪው ዣቦቲንስኪ ነበር። ሰልፍ፣ ዲሲፕሊን፣ ባንዲራ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ይወዳሉ። ሸሚዛቸው ቡናማ ነው።

አሁን ወደ ወንድምየው። 1934 የሚለው ቁጥር ቀላል አይደለም። በሰኔ 1933 ሐይም አርሎዞሮፍ የሚባል የሠራተኞቹ ወገን ትልቅ መሪ ቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስቱ ጋር ሲንሸራሸር ተገደለ። ግራዎቹ "የዣቦቲንስኪ ሰዎች ገደሉት" አሉ፣ እነሱ ደግሞ "ስም ማጥፋት ነው" አሉ። ተከሳሾቹ በመጨረሻ በ1934 ነፃ ወጡ፣ ጥላቻው ግን አልወጣም። እሳቱ የተለኮሰው ቴል አቪቭ፣ ጭሱ የገባው ግን ፖላንድና ሊትዌኒያ ያለ እያንዳንዱ ቤት ነው። በዚያ ላይ ሂትለር ሥልጣን የያዘበት ሰሞን ስለሆነ ቡናማ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ መንገድ ላይ "ፋሺስት" ሲባል አስቢው። ወንድምየው የግራዎቹ የወጣት ድርጅቶች፣ የሃሾሜር ሃጻኢር ወይም የሄሓሉጽ ልጅ ከነበረ በዚያ ዓመት ከዚያ ባንዲራ ሥር አይቆምም። እህቱ ብትሆንም።

ሸገር_ነኝ

ቆይ ቆይ። ከተማዋ ትንሽ አይደለች እንዴ? ስንት ሰው ቢኖራት ነው ይሄ ሁሉ ፓርቲ? የእኛ ሰፈር በስንት መከራ አንድ የኳስ ቡድን አቋቁመን ማሊያ መግዣ አጥተን ፈረሰ።

ዶሴ_አገላባጭ

ሃሃ። እሺ ሒሳቡን እንሥራ። በ1923 ቆጠራ ሊትዌኒያ ውስጥ 153 ሺህ ያህል አይሁድ ነበሩ፣ ከመቶ 7 ተኩል ገደማ። ኬዳይኒያይ ላይ ግን ከ3 ሰው አንዱ አይሁዳዊ ነው፣ 2,500 ያህል። ቪልኒየስ በፖላንድ እጅ ስለነበረች መንግሥቱ ካውናስ ነው የተቀመጠው። ኬዳይኒያይ ከካውናስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ባቡርም አለ። ስለዚህ ጋዜጣውም፣ ወሬውም፣ ተናጋሪውም ቶሎ ይደርሳል።

ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የበቀሉት። ይሄ ሕዝብ ከጥንትም ማኅበር ይወዳል። ሙታን የሚያጥብና የሚቀብር ማኅበር ነበረው፣ ሄቭራ ካዲሻ ይባላል፣ በእኛ አነጋገር እድር በለው። ወለድ የማይጠይቅ ብድር የሚሰጥ ነበር። በሽተኛ ቤት ሄዶ የሚያድር ነበር። መንገደኛ የሚያሳድር ነበር። ቤቱ ሁሉ እንጨት ስለሆነ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ቡድንም ነበር፣ በብዙ የሊትዌኒያ ከተሞች አብዛኞቹ አባላት አይሁድ ነበሩ። የሕዝብ ባንክ የሚባል የቁጠባና ብድር ማኅበርም ነበር። ሱቅ ያለው፣ ሰፊው፣ ፈረስ ነጂው እዚያ ነው የሚበደረው።

አንድ የማይረሳ ነገር፦ ሊትዌኒያ ነፃ ስትወጣ ለአይሁድ ጉዳይ ሚኒስቴር አቋቁማ ነበር። ራሱን የቻለ ሚኒስትር! የየከተማው ማኅበረሰብ ምክር ቤቱን በድምፅ ይመርጥ ነበር፣ ግብር ሁሉ ይሰበስብ ነበር። 1924 ላይ ሚኒስቴሩ ተዘጋ። በታኅሣሥ 1926 ስሜቶና በመፈንቅለ መንግሥት መጣ። እኔ እንደሚገባኝ ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች አባቶቻቸው ያን ተስፋ ያዩ፣ እነሱ ግን ሲዘጋ የደረሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ቀረላቸው፣ በዕብራይስጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ሒሳቡም ጂኦግራፊውም። ልጁ ቤት ይዲሽ፣ ክፍል ዕብራይስጥ፣ ቢሮ ሊትዌኒያኛ ያወራል። አባትየው ሲናደድ ደግሞ ሩሲያኛ።

የአሽዶዷ

ወይ ጉድ! ሳፍታ በሩሲያኛ ነበር የሚሳደቡት። ምክንያቱን ዛሬ ገና አወቅሁ።

እስቲ የማውቀውን ልጨምር። ከተማዋ የኪያር ከተማ ናት። ቀልዴን አይደለም፣ ዛሬም በኪያር ነው የምትታወቀው። ሳፍታ እንደነገሩኝ ከቤቱ ጀርባ መሬት የሌለው ሰው ከሌላው ተከራይቶ ኪያርና ሽንኩርት ይተክላል፣ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ ምኩራብ ጠባቂውም። እኔ ያ ሕዝብ ሱቅና መጽሐፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ከተማው በሙሉ እንስላል እንስላል ይሸታል አሉኝ።

አንድ ቀን ከሱፐርማርኬት ኮምጣጣ ኪያር ገዝቼ አቀረብኩላቸው። ቀመሱና ሹካውን አስቀመጡ። "ስኳር አለው" አሉ፣ መርዝ አለው በሚል ድምፅ። ሊትቫክ (የሊትዌኒያ አይሁድ እንደዚያ ነው የሚባሉት) ዓሣም ቢሆን በቁንዶ በርበሬ እንጂ በስኳር አይነካም፣ ስኳር የፖላንዶቹ ነው። ከዚያ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዘዙኝ እኔ ሠራሁት። ትናንሽ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንስላል ከነግንዱ፣ የቼሪ ቅጠል፣ ጨውና ውኃ። ኮምጣጤ የለም፣ በራሱ ነው የሚቦካው። በ4ኛው ቀን ማሰሮውን ከፍተው አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አሁን ልጅ ሆንሽልኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ቤታቸው ማውራት የጀመሩት፣ እሱም ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን።

ነገረኛው

ኪያሩ ደስ ይላል፣ ግን እኔ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡ። የ15 ዓመት ልጅ ሸሚዝ አልብሶ፣ ባንዲራ አስይዞ፣ ወንድምና እህት የሚያጣላ ድርጅት ምኑ ነው የሚደነቀው? እኛ አገርም አይተነዋል። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ኢሕአፓ አንዱ መኢሶን ሆኖ እናት ለሁለቱም አለቀሰች። ልጅ ይማር፣ ይጫወት። ፖለቲካው ይድረስ ሲያድግ።

ጆበርግ_ያለሁ

ነገረኛው፣ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ግን "ሲያድግ ይድረስ" የምትለው ሲያድግ የሚሄድበት ላለው ልጅ ነው። እኔ የምኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚህ ያሉት አይሁድ አብዛኞቹ ዘራቸው ከሊትዌኒያ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሺህ መጥተዋል። ከማንዴላ ጋር የታገለው ጆ ስሎቮ ራሱ ኦቤላይ የምትባል የሊትዌኒያ መንደር ነው የተወለደው፣ በ1926። የናዲን ጎርዲመር አባትም ከዚያው አገር ነው።

በኋላ ግን ይሄ በር ተዘጋ። አሜሪካ በ1924 ኮታ አወጣች፣ ደቡብ አፍሪካ በ1930። አየህ? ለታላቅ ወንድሙ "አጎትህ ጋ ጆሃንስበርግ ሂድ" ሲባል፣ ለታናሹ የሚባል ጠፋ። እዚያው አገሩ ላይ ደግሞ በ1930ዎቹ የሊትዌኒያ ነጋዴዎች ማኅበር "ከራሳችሁ ሰው ግዙ" እያለ ይቀሰቅስ ነበር። ስለዚህ እነዚያ ክበቦች ጨዋታ ብቻ አልነበሩም። የት እንኖራለን ለሚለው ጥያቄ አምስት ስድስት መልስ የሚሸጥበት ገበያ ነበሩ።

ዶሴ_አገላባጭ

ጆበርግ፣ ቁም ነገሩን ያዝከው። መልሶቹን ልዘርዝርለት። ሃሾሜር ሃጻኢር፦ ስካውትና ሶሻሊዝም ተቀላቅሎ፣ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ) ሂድ፣ መሬት ቆፍር፣ የአባትህን ሱቅ እርሳ። ቤታር፦ ተሰለፍ፣ መንግሥት በጠመንጃም ቢሆን ይመጣል። ሃይማኖተኞቹ፦ ከትልልቆቹ የሺቫዎች (የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች)፣ ከቴልሺያይ፣ ከስሎቦድካ፣ ከፖኔቬዝ አትራቅ፣ ለሥራ የዋለ ልጅም ማታ መጥቶ ያጥና። ይዲሽኛዎቹ፦ የትም አንሄድም፣ ቋንቋችንም አገራችንም እዚሁ ነው። ኮሚኒስቶቹ ደግሞ ሕገ ወጥ ስለነበሩ ጫካ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር፣ ተይዘው የታሰሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ማካቢ ለሁሉም ነው፣ ኳስና ጅምናስቲክ። እሱም ቢሆን ንጹሕ ስፖርት ብቻ አልነበረም፣ በ1932ና በ1935 ቴል አቪቭ ላይ ለተደረገው ማካቢያ ከየአገሩ የሄዱ ብዙ ስፖርተኞች ከውድድሩ በኋላ እዚያው ቀልጠው ቀርተዋል። (የእኛ ሯጮች አዲስ ነገር አልፈጠሩም ማለት ነው።)

ቤተሰብ ደግሞ በጣም ይቆጣ ነበር። በፖለቲካው ብቻ አይደለም። ወንድና ሴት ልጅ አንድ ላይ ጫካ ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ እሳት ዙሪያ ሆራ እየጨፈረ ያመሻል። ረቢው ዘንድ ይሄ ከኮሚኒዝም አያንስም። ለልጆቹ ግን እዚያ ነው ነፍስ የዘሩት። አብዛኞቹ ድሆች ናቸው። ክበቡ አንድ ክፍል ነው፣ ምድጃ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የፍልስጤም ካርታ፣ ጥግ ላይ ሰማያዊዋ የመሬት መግዣ ሙዳይ። ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው ለሚተኙ ልጆች ያ ክፍል ቤተ መንግሥት ነው።

ነገረኛው

እሺ፣ በከፊል ተረታሁ። ግን ለመሄድስ ምንድን ነው የሚያስፈልገው? ሸሚዝ ለብሶ መርከብ መግባት ነው?

ዶሴ_አገላባጭ

ቀላል ቢሆን ኖሮማ! ፍልስጤምን የምታስተዳድረው እንግሊዝ ናት። ሰርተፊኬት የሚባል የመግቢያ ወረቀት በኮታ ትሰጣለች። ያን ኮታ ለየንቅናቄው የሚያከፋፍለው ደግሞ የአይሁድ ኤጀንሲ ነው፣ እሱ ውስጥ የበላይ የሆኑት ግራዎቹ ናቸው። ወረቀት የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ሃኽሻራ ይገባል፣ ማለት ሥልጠና። እርሻ ላይ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ላይ፣ የተገኘበት። አንድ ቤት ውስጥ በጋራ ይኖራሉ፣ ደሞዛቸውን አንድ ኪስ ያስገባሉ፣ የነጋዴ ልጅ እጁ ውኃ ይቋጥራል። ዓመት ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ቤታሮች በክፍፍሉ ተበደልን ብለው ይጮኹ ነበር፣ በ1933 መጨረሻ ላይ ዣቦቲንስኪ ራሱ በኤጀንሲው በኩል አትጠይቁ ብሎ አዘዘ። ስለዚህ የአሽዶዷ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ በዚያ ሸሚዝ የመሄድ ዕድሏ ከወንድሟ በጣም ያነሰ ነበር።

ሌላም ላውጋህ። አንድ ሰርተፊኬት ባልና ሚስት ስለሚያስገባ ልጆቹ ለወረቀት ይጋቡ ነበር። የማያውቃትን ልጅ አግብቶ፣ ሃይፋ ወርዶ፣ ይፋታል። አንድ ወረቀት ሁለት ነፍስ።

ነጭ_ሸሚዝ_ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን አቃተኝ። እኔ ያደግሁት ጎንደር፣ ወደ እስራኤል እንሄዳለን ብለው ከገጠር ወርደው ከሚጠብቁት ቤተሰቦች ጋር ነው። እዚያም ብኔ አኪቫ የሚባል የሃይማኖተኞች የወጣቶች ክበብ ነበረን። ሰንበት ከሰዓት ነጭ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ክር፣ መዝሙር፣ ጨዋታ፣ ዕብራይስጥ። ጭቃ ቤት ውስጥ ተኝተን ሸሚዛችን ግን በረዶ ነበር፣ እናቴ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። ወረቀት መጠበቅ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳኝም። የእኛ ሰፈር ልጅ ስሙ ወጥቶ የታላቅ እህቱ ስም ሳይወጣ ሲቀር አይቻለሁ። እሱ ሄደ። እሷ አየር ማረፊያ ድረስ እንኳ አልሸኘችውም፣ ታማ ተኛች።

ነገሩ ከሊትዌኒያ ጋር አንድ ነው አላልኩም፣ እኛን ጉድጓድ አልጠበቀንም። ግን ክበቡ ምን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ስትጠብቅ ቀኑን የሚያስረሳህ እሱ ብቻ ነው።

ዶሴ_አገላባጭ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የዚህ ክር እውነተኛ ምሁር አንተ ነህ። እንዲያውም ግንኙነቱ ከአንተም ዘመን ይቀድማል፣ በ1955 እና በ1956 ከኢትዮጵያ 27 ቤተ እስራኤል ወጣቶች እስራኤል ውስጥ ክፋር ባትያ የሚባለው የሃይማኖተኞቹ የወጣቶች መንደር ገብተው ተምረዋል፣ ተመልሰው አስተማሪ እንዲሆኑ ታስቦ።

የአሽዶዷ

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ማታ ለሳፍታ ልጅ ደወልኩላት። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። የነገረችኝን ልጻፈው፣ ረጅም ነው ይቅርታ።

ዶሴ እንዳልከው ነው። ወንድምየው ሃሾሜር ሃጻኢር ነበር። ሃኽሻራ ገብቶ እንጨት መሰንጠቂያ ላይ ሠራ፣ በ1935 ሰርተፊኬት ወጣለት። አግብቶም ነው የሄደው! ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ልጅ። ሃይፋ ወርደው ተፋቱ፣ ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት በየበዓሉ ካርድ ይላላኩ ነበር አለችኝ። እህትየው ወረቀት አላገኘችም። ካውናስ ሄዳ ልብስ ስፌት ተማረች፣ ተመለሰች፣ 1939 ላይ እዚያው ኬይዳን አገባች።

በሰኔ 1940 ሶቪየቶች ገቡ። ክበቦቹ በሙሉ ተዘጉ፣ ቤታሩም ሾሜሩም አብረው፣ ሲጣሉ የኖሩትን አንድ ቁልፍ ቆለፈባቸው። ትምህርት ቤቱ ላይም ዕብራይስጥ ቆመ፣ በይዲሽ ሆነ። ሳፍታ ያኔ 13 ዓመታቸው ነው። አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው መዝሙር ሲለማመዱ እህታቸው አይታ ሳቀች አሉ፣ "ለአንቺም ደረሰሽ" ብላ።

ሰኔ 14 ቀን 1941 ሌሊት ወታደር በሩን መታ። አባታቸው ሱቅ ስለነበራቸው "ቡርዡዋ" ተብለው ከነሚስታቸውና ከትንሿ ልጃቸው ከሳፍታ ጋር ለከብት በተሠራ ፉርጎ ወደ ሳይቤሪያ ተጫኑ። እህትየው ሌላ ቤት፣ በባሏ ስም ስለምትኖር ዝርዝሩ ላይ የለችም። በማግሥቱ ጣቢያው ድረስ ዳቦና አንድ ማሰሮ ኪያር ይዛ መጣች። ታለቅስላቸው ነበር፣ እሷ ለእነሱ።

ከ8 ቀን በኋላ ጀርመን ገባ።

ዶሴ_አገላባጭ

የኬዳይኒያይ አይሁድ የተረሸኑበት ቀን ነሐሴ 28 ቀን 1941 ነው። ገዳዮቹ ራሳቸው በጻፉት ሪፖርት ላይ 2,076 ሰው ይላል፣ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ብለው ለይተው ቆጥረዋል። ከሼታና ከዠይሚያይ የመጡትም አብረው ናቸው። ተኳሾቹ ውስጥ የአገሩ ሰዎች፣ ሊትዌኒያውያን ነበሩበት። በመላው ሊትዌኒያ ከ10 አይሁድ 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። በሳይቤሪያ ብርድና ረሃብ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ግን ከዚያ ባቡር የተረፉ አይሁድ የተረፉት በባቡሩ ምክንያት ነው። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ባነበውም አይዋጥልኝም።

ሸገር_ነኝ

እኔ ሃሃ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ይቅርታ።

ጆበርግ_ያለሁ

አሁን እዚያ ምን ቀረ? ሄዶ ያየ አለ?

ዶሴ_አገላባጭ

አሮጌው ገበያ አደባባይ ላይ ሁለት ምኩራብ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ የበጋውና የክረምቱ። ታድሰዋል፣ አንደኛው የባህል ማዕከል ነው፣ ኤግዚቢሽንና ኮንሰርት ይደረግበታል። ታላቁ የሃይማኖት ሊቅ፣ የቪልናው ጋኦን፣ በልጅነቱ የተማረባት ከተማ ናት፣ ይሄንንም ያስጎበኛሉ። የሚጸልይ ግን የለም።

ነገረኛው

የአሽዶዷ፣ አንድ ነገር ቀረ። አርዕስትሽ ላይ የጠየቅሽው ነው። ሸሚዙ ቡናማ ነበር አይደል? ዶሴ ቡናማ ብሏል።

የአሽዶዷ

እሱን ልነግራችሁ ነው የተመለስኩት። የሳፍታን ልጅ ጠየቅኋት፣ ስልኩ ውስጥ ሳቀች።

የሳፍታ እህት የቤታር ሸሚዝ መግዣ ብር አልነበራትም፣ አባቷም ለዚህ ብዬ አንዲት ሳንቲም አላወጣም ብለዋል። ስለዚህ የወንድሟን የሰንበት ሸሚዝ፣ ነጩን፣ ከሳጥኑ አወጣችው። ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ ሞልቷል፣ የኬይዳን ቤት ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ልጣጭ አፍልታ ነከረችው። ሲደርቅ ቡናማም አልሆነ፣ ብርቱካንማም አልሆነ፣ የዛገ ቆርቆሮ ዓይነት። እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ለብሳ ፎቶ ተነሳች።

ወንድሟ ለአንድ ወር አላናገራትም። እሱ ኪቡጹ ውስጥ 80 ዓመት አልፎት ነው የሞተው። ፎቶውን ሲያሳዩት በፖለቲካው አንድም ቃል አይናገርም ነበር አለችኝ። ጣቱን እጅጌው ላይ ያደርግና "ይሄ የኔ ነው፣ አልመለሰችልኝም" ይል ነበር።